አንድ ኪሎ ሰም ስንት ማር ይበላል?

ባለፈው ግንቦት አምባሰል ወርጄ ከአጎቴ ጋር ቀፎ ከፈትን። ዘመናዊ ቀፎ ነው፤ አሥር ፍሬም ያለው። አጎቴ ጭሱን ነፋ ነፋ አደረገና ክዳኑን አነሳ። ሦስተኛውን ፍሬም ሲስበው የማር እንጀራው አብሮ አልወጣም። ከመሃሉ ታጥፎ ወደ ታች ተንሸራቷል። ማሩ ፈስሷል። እጮቹ ማሩ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። አራተኛውም እንደዚያው ነበር። አምስተኛው ጭራሽ ቀፎው ወለል ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

አጎቴ ብዙ አልተናገረም። ከወደቀው ቁራሽ አነሳ። በጣቶቹ አሸው፣ አሸተተው፣ በጥርሱም ነከስ አደረገው። «ይሄ ሰም አይደለም» አለኝ። «ሰም ነው ብለው ሸጡኝ እንጂ ሰም አይደለም።»

የታተመውን ሰም፣ ማለትም ንቦቹ እንጀራቸውን እንዲሠሩበት ፍሬም ላይ የሚገጠመውን ስስ የሰም ሉህ፣ የገዛው ከገበያ ነው። ዋጋው ትንሽ ረከስ ስላለ ደስ ብሎት ነበር። ከሰሙ ጋር አንድ ሙሉ የማር ወቅት ሄደበት።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ስለ ኤስተር፣ አሲድና አልኮል ተጋጥመው ስለሚሠሩት ውሁድ፣ ለተማሪ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ አላውቅም። ያን ቀን ግን የጻፍኩት ነገር የሰው ኑሮ መሆኑ በደንብ ገባኝ። በሀገራችን ሰም ከሱቅ ሻማው ፓራፊንና ከሞራ ጋር እየተቀላቀለ መሸጡ የታወቀ ችግር ነው። ብዙ ሰው ግን ነገሩን ውኃ ወተት ላይ እንደመጨመር ያየዋል። ቀጠነ እንጂ ያው ነው ይላል። ያው አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማየት ሰም በሕያው ገላ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመቁጠሪያ እንጀምር። ወሎ ውስጥ ቄሱም ሼኹም መቁጠሪያ አይለያቸውም፤ ስለዚህ ምሳሌው ለሁላችን ቅርብ ነው። የቅባት አሲድ ማለት በካርቦን ፍሬዎች የተሰካ መቁጠሪያ ነው። ሕያው ሴል ሲሰካው ሁለት ሁለት ፍሬ እያደረገ ነው። መነሻው ስኳር ሊሆን ይችላል። ስኳሩ ይሰባበርና ባለ ሁለት ካርቦን ቁርጥራጭ ይወጣዋል። ኢንዛይም የሚባሉት የሴሉ ሠራተኞች እነዚያን ቁርጥራጮች እያነሱ ይሰካሉ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያሉ። አብዛኛውን ጊዜ 16 ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ባለ 16ቱ ፓልሚቲክ አሲድ ይባላል። በቅቤያችንም፣ በሞራውም፣ በንብ ሰሙም ውስጥ አለ።

እስከዚህ ድረስ ንቧም፣ በጓም፣ ማሽላውም፣ እኛም አንድ መንገድ ነው የምንሄደው። መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛው መንገድ ወደ ስብ ይወስዳል። ግሊሰሮል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለ። ሦስት ማንጠልጠያ ያለው ግድግዳ ላይ የሚመታ መስቀያ አድርጋችሁ አስቡት። ሴሉ በእያንዳንዱ ማንጠልጠያ ላይ አንድ አንድ መቁጠሪያ ይሰቅላል። ሦስቱም ሲሞሉ ስብ ሆነ። ቅቤ፣ ሞራ፣ ጮማ፣ የኑግ ዘይት፣ የበግ ላት፣ ሁሉም በመሠረቱ ይኸው ናቸው። ልዩነታቸው የተሰቀሉት መቁጠሪያዎች ርዝመትና ቅርጽ ነው። ቀጥ ያሉት ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ስለዚህ ይረጋሉ። የተጣመሙት አይገጣጠሙም፤ ስለዚህ ይፈሳሉ። ደሴ በኅዳር ብርድ የኑግ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ እንደፈሰሰ ሲቆይ የፓልም ዘይቱ እንደ ቅቤ የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሰም ይወስዳል። እዚህ ግሊሰሮል የለም። ሴሉ አንዱን መቁጠሪያ ያስረዝመዋል፤ ከ16 አልፎ 24፣ 28፣ 30 ያደርሰዋል። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ጫፉን ይቀይረውና አሲድ የነበረው አልኮል ይሆናል። አልኮል ስል አረቄውን አይደለም፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ውኃ የማይነካው አልኮል ነው። በመጨረሻ አንድ የሰም ሠሪ ኢንዛይም ባለ 30ውን አልኮል ከባለ 16ቱ አሲድ ጋር ጫፍ ለጫፍ ያጋጥመዋል። 46 ካርቦን ያለው አንድ ረጅም ክር ይወጣል። የሰም ኤስተር የሚባለው ይህ ነው። በንብ ሰም ውስጥ ከሚገኙት ዋነኞቹም አንዱ እሱ ነው።

ስብ የሚሠራው ሊበላ ነው። ሦስቱን ማንጠልጠያ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በሆዳችንም በሴላችንም ሞልተዋል። ሰም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሊከልል፣ ሊሸከም፣ ውኃ ሊያግድ ነው። የእኛ ሆድ የሰም ኤስተርን በቅጡ መፍታት አይችልም። ከነእንጀራው ማር የበላ ልጅ ሰሙን አኝኮ አኝኮ የሚተፋው ለዚህ ነው። የሚፈቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቀፎ የሚያጠፋው የሰም እሳት ራት ትል አንዱ ነው፣ ሰውን ወደ ማር የምትመራው ወፍ ሌላዋ ናት።

አሁን ወደ ንቧ እንግባ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው።

ሰም የምትሠራው ሠራተኛ ንብ ናት፤ ያውም ወጣቷ። ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ ከ12 እስከ 18 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከሆዷ ሥር አራት ጥንድ የሰም ዕጢዎች አሏት። በዚያ ዕድሜ ዕጢዎቹ ይወፍራሉ። ከዚያ በፊት ግን ንቧ ማር ጠግባ መብላት አለባት። ማር በላች ማለት ስኳር በላች ማለት ነው። ስኳሩ ወደ ባለ ሁለት ካርቦን ቁርጥራጭ፣ ቁርጥራጩ ወደ መቁጠሪያ፣ መቁጠሪያው ወደ ሰም ይሄዳል። ሆዷ ውስጥ ያለው የስብ ሕብረ ሕዋስ ጓዳዋ ነው፤ ጥሬ ዕቃው የሚከማቸውና የሚዘጋጀው እዚያ ነው።

ሰሙ ከዕጢዎቹ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ አየር ሲነካው ደርቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ቀጭን ቅርፊት ይሆናል። የአንዱ ቅርፊት ክብደት አንድ ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሰም አንድ ሚሊዮን ያህል ቅርፊት ይፈልጋል ማለት ነው። ንቧ እያንዳንዱን ቅርፊት በእግሯ አንስታ ወደ አፏ ታመጣዋለች፣ ታኝከዋለች፣ በምራቋ ታለሰልሰዋለች፣ ከዚያ ትለጥፈዋለች። ሥራው ሙቀት ይፈልጋል። ንቦቹ እግር ለእግር ተያይዘው እንደ ሰንሰለት ይንጠለጠሉና ገላቸውን አሙቀው ቀፎውን 35 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩታል። ለዚያም ሙቀት ነዳጁ ማር ነው።

ለዚህ ነው ሰም ውድ የሆነው። በብዛት የሚጠቀሰው ግምት አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦቹ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ የሚለው ነው። እንደ መኖውና እንደ ወቅቱ ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ላሊበላ የሚለውን ስም «ማር ይበላል» ብለው የሚፈቱ አሉ። ንጉሡ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት የሚናገረውን ታሪክ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ማር በላተኛውን ስፈልግ ሁሌም ሰሙ ትዝ ይለኛል።

ዋጋውም ይገባዋል። ከ40 ግራም ሰም የተሠራ እንጀራ ሁለት ኪሎ ያህል ማር ይሸከማል። የራሱን ክብደት 50 ጊዜ ማለት ነው። የሚሸከመውም በቀፎ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ጥንካሬው ከቅይጡ ይመጣል። የንብ ሰም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስተኛው ገደማ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ኤስተሮች ናቸው። ቀሪው በአብዛኛው ሃይድሮካርቦን (ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ መቁጠሪያ) እና ነጻ፣ ማለትም ከአልኮል ጋር ያልታሰረ፣ የቅባት አሲድ ነው። አንዱ ያለሰልሳል፣ አንዱ ያጠነክራል፣ አንዱ ያያይዛል። እናቶቻችን ቤት ሲለስኑ ጭቃውን ከጭድ ጋር የሚያቦኩት እንዲያያዝላቸው ነው፤ ይህም እንደዚያ ነው።

ሰም የንብ ብቻ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ቆቦ ሜዳ የወረደ ሰው የማሽላ አገዳ አይቶ ያውቃል። ጥንቅሽ ለመብላት ስንቆርጥ ከአገዳው ላይ ነጭ ዱቄት እጃችን ላይ ይቀራል። ልጆች ሆነን በልብሳችን ጠርገን ነበር የምንበላው፤ አቧራ ይመስለን ነበር። አቧራ አይደለም፣ ሰም ነው። ተክሉ ከላይኛው ቆዳው ሴሎች እየሠራ ወደ ውጭ ያወጣዋል። መቁጠሪያውን እስከ 28 እና 30 ካርቦን ያስረዝመዋል፤ ጫፉን ግን ብዙውን አሲድ እንደሆነ ይተወዋል። ያ ነጭ ሽፋን ፀሐዩን ይመልሳል፣ ውኃው በትነት እንዳይሄድ ይይዛል። ማሽላ ዝናብ ሲቀር ከበቆሎ ይልቅ የሚታገሠው ሥሩ ስለጠለቀ ብቻ አይደለም። ይህን ካባ ስለለበሰም ነው። የቁልቋል ገላ ላይ የምናየው አመድማ ሽፋንም ከዚሁ ወገን ነው።

ወደ ስቡ መንገድ ስንመለስ ደግሞ ሰኞ ባቲ ገበያ መውጣት ይበቃል። ግመሉ ከነሻኛው ቆሟል። ሻኛው ውኃ ነው የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ ሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ከአንድ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ውኃ ይወጣዋል። ነገር ግን ለማቃጠል ኦክስጅን ስለሚያስፈልግ ሲተነፍስ የሚወጣው እርጥበት ያንን ይበላዋል። ስለዚህ ሻኛው ጎተራ እንጂ ጋን አይደለም። ስቡ ከጀርባ አንድ ቦታ መከማቸቱ ሌላ ጥቅም አለው ይባላል፦ የቀረው ገላ ስብ ስላልሸፈነው ሙቀቱን በቀላሉ ያስወጣል። አጠገቡ የቆሙት የቆላ በጎች በዳሌያቸው፣ ከደጋ የወረዱት ደግሞ በላታቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ላት ክረምት ከበጋ የሚያሻግር ስንቅ ነው። ሥጋ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል፤ የላት ስብ ከኩላሊት ዙሪያ ሞራ ይልቅ ቶሎ ይቀልጣል። ላት ከውጭ፣ ብርድ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ የተጣመሙት መቁጠሪያዎች ይበዙበታል።

ስንቅ ለምን በስብ ይሆናል? አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን የሚያከማቸው ስኳር ከክብደቱ ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስብ ውኃ አይሸከምም። ለሚጓዝ እንስሳ ይህ የሞት የሽረት ነገር ነው። በ2012 እና በ2013 ወሎን የመታው የበረሃ አንበጣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚችለው በዚህ ነው። መብረር ሲጀምር ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆነው አንድ ሆርሞን ከጭንቅላቱ አካባቢ ይለቀቅና የስብ ጓዳውን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የሚበረው በስብ ነው። የበላው ማሽላና ጤፍ የነገ ነዳጁ ሆኗል። ያን ጥቅምት በቆርቆሮና በጅራፍ ሲያባርሩት የዋሉት ገበሬዎች ይህንን አላዩትም፤ ቢያዩትም አይጽናኑም ነበር።

ሰምና ስብን አብሮ የሚጠቀም ሌላም አለ፤ እሱን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ። የዚህ ተሕዋስ ግድግዳ በሰም መሰል ረጅም አሲዶች የተለበጠ ነው። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ባክቴሪያውን ለዓለም ሲያሳውቅ ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ቀለም አልቀበልም ማለቱ ነበር። አንዴ ቀይ ቀለም ከጠጣ ደግሞ በአሲድ እንኳ አይለቅም። በየጤና ጣቢያው አክታ ሲመረመር የሚታየው ያ ቀይ ዘንግ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው የሰውየውን ስብ ወስዶ በራሱ ሴል ውስጥ የስብ ጠብታ አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ ይተኛል። የተኛ ባክቴሪያ ለመድኃኒት ያስቸግራል። መድኃኒቱ ስድስት ወር የሚወሰድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሳሉ ሲተው መድኃኒቱን የሚተው ዘመድ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ንገሩት፤ የተኛው ስንቅ ይዞ ነው የተኛው።

ባሕር ውስጥ ደግሞ ሰሙን ራሱን ስንቅ ያደረጉ አሉ። በቀዝቃዛ ባሕር ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የሰም ኤስተር አጠራቅመው ረጅሙን ክረምት ያልፋሉ። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ በግዙፉ ጭንቅላቱ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ ሰም ይይዛል። ለዚያ ሰም ሲባል ተጨፍጭፏል። በአውሮፓና በአሜሪካ ምርጡ ሻማ ከእሱ ነበር የሚሠራው፤ በእንግሊዝ የብርሃን መለኪያው ሳይቀር በዚያ ሻማ ነበር። የንግድ አደኑ እንዲቆም እ.ኤ.አ. በ1982 ተወሰነ፣ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። በምትኩ የመጣው ጆጆባ የሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ሰም ነው። ተመራማሪዎች የጆጆባን የሰም ጂኖች ክራምቤ ወደተባለ የጎመን ዘመድ አዛውረውም ዘሩ የሰም ኤስተር እንዲሠራ አድርገዋል። የዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ክራምቤ አቢሲኒካ ነው፤ ከእኛው አገር ስም የወጣ።

አሁን ወደ ገበያችን።

ፓራፊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው። የሱቅ ሻማ አብዛኛው እሱ ነው። መቁጠሪያው ብቻውን ነው፤ አሲድም አልኮልም ኤስተርም የለውም። ስለዚህ ክሮቹ አይያያዙም፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። ሲነካ ሙልጭልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ቀፎ ውስጥ ገብቶ ማር ሲጫንበትና ቀኑ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን አጎቴ ቀፎ ውስጥ አይታችኋል።

ሞራ ሌላ ጣጣ አለው። ሞራ ውስጥ ግሊሰሮል አለ። ግሊሰሮል እሳት ላይ ከልክ በላይ ሲሞቅ አክሮሊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ድስት ላይ የተረሳ ቅቤ ወይም ዘይት ሲያርር ዓይን የሚያቆስለው እሱ ነው። የንብ ሰም ግሊሰሮል ስለሌለው ጧፉ እንደዚያ አይሸትም። አያቴ ነፍሷን ይማርና ጧፍ ስትሠራ ፈትሉን እያንጠለጠለች ሰሙን ታፈስበት ነበር። በእጇም ታድቦለቡለዋለች። ሞራ የገባበትን ገና ሲበራ ታውቀዋለች። «ይሄ ያስለቅሳል፣ አይገባም» ትላለች። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ የቆመ ሰው ጠባብ ቤት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጧፍ ሲበራ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

እጮቹ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በቤልጅየምና በኔዘርላንድ ንብ አናቢዎች እጮቻቸው በየእንጀራው ሲሞቱ አዩ። ምክንያቱ ተፈልጎ ሲገኝ የታተመው ሰም ስቴሪን ተጨምሮበት ነበር። ስቴሪን ማለት ከሞራ ወይም ከፓልም ዘይት ግሊሰሮሉ ተለይቶለት የሚቀረው አሲድ ነው። ፓልሚቲክ አሲድ ንጹሕ ሰም ውስጥም አለ ብያለሁ። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ በንጹሕ ሰም ውስጥ አብዛኛው ከአልኮሉ ጋር ታስሮ ነው የሚኖረው። ያልታሰረው ሲበዛ እጩ አይችለውም።

አጭበርባሪ ነጋዴ አለ ብለን ብቻ ማለፍ ግን አይበቃም። ሰሙ ለምን እንዳነሰ እንይ። በባህላዊ ቀፎ ማር ሲቆረጥ እንጀራው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ከማሩ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሰም ይገኛል። በዘመናዊ ቀፎ ማሩ ይጣራና እንጀራው ለንቦቹ ይመለሳል። ለማሩ ጥሩ ነው፣ ንቦቹ ዳግም ሰም ለመሥራት ማር አይበሉም። ከዚያ የሚገኘው ሰም ግን ከማሩ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አዲስ ዘመናዊ ቀፎ ሲጀመር አንድ ኪሎ ያህል የታተመ ሰም ይፈልጋል። ማለትም ዘመናዊ ቀፎ በሰፋ ቁጥር የሰም ፍላጎቱ ይጨምራል፣ ምንጩ ይቀንሳል። ለገበሬው ቀፎ ሲሰጠው ሰሙ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ያሰበለት ያለ አይመስለኝም። በዚያ ክፍተት ነው ፓራፊን የገባው።

አገራችን በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰምም ከዓለም ዋነኞቹ አምራቾች ተርታ ናት። ከዚህ ሰም ብዙው የሚመጣው ግን ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ገበሬው ማሩን ከነሰሙ ይሸጣል፣ ሰሙን ጠጅ ጣዩ ያገኘዋል። ጠጅ በማይጠጣበት ቤትና አካባቢ ደግሞ ማሩ ተበልቶ ሰፈፉ ይጣላል። ሰባት ኪሎ ማር የተበላበት ነገር ከእንሰት ቅጠል ወይም ከፌስታል ጋር ደጅ ሲወረወር አይቻለሁ። አንጀቴን ነው የሚበላው። አምባሰል የሚለው ስም እኮ «አምባ» ከሚለውና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «ዓሰል» የተገጠመ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፓራፊን አይጠፋም። አጎቴ የወደቀውን እንጀራ አቅልጦ ቢሸጠው ቅይጡ ወደ ሌላ ሰው ቀፎ ይገባል። ያ ሰው ሲያረጅበት ያቀልጠዋል፣ ይሸጠዋል፣ እንደገና ይታተማል። ንቦቹም አይጥሉትም፤ አኝከው ከራሳቸው ሰም ጋር ያዋሕዱታል። በየዙሩ ላይ ትንሽ ፓራፊን ቢጨመር ጥቂት ዓመት ቆይቶ ንጹሕ የሚባል ሰም ማግኘት ይከብዳል። የሚጎዳው ንብ አናቢው ብቻ አይደለም። የውጭ ገዢ ሰም ሲረከብ የአሲድ መጠኑን፣ የኤስተር መጠኑን፣ የሚቀልጥበትን ሙቀት ይለካል። ያልተስማማውን ይመልሳል። ወርቅ አንጥረኛውም ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ሸፍኖ ሲያቃጥለው ሰሙ ጠርቶ ካልወጣ ወርቁ ይበላሽበታል። ሰምና ወርቅ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ የዋድላ የቅኔ መምህራን ቋንቋውን ሲያወርሱን ሰም ማለት ንጹሕ ሰም ነበር።

ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አጎቴ ጋ ቁጭ ብለን የሞከርነውን ልንገራችሁ። የንብ ሰም ከፓራፊን ይከብዳል። በአንድ ሚሊ ሊትር ሰም ከ0.95 እስከ 0.97 ግራም፣ ፓራፊን 0.90 ገደማ ነው። ሁለቱም ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። በአልኮልና ውኃ ድብልቅ ግን ይለያሉ። መጀመሪያ ከራሳችሁ ባህላዊ ቀፎ ያወጣችሁትን፣ የምታምኑትን ሰም ቁራሽ አዘጋጁ። አየር እንዳይዝ በደንብ እሹት። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ጣሉት፣ ይሰምጣል። ከዚያ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ቁራሹ ከታች ተነስቶ መሃል ላይ ሲንሳፈፍ አቁሙ። አሁን የምትጠረጥሩትን ጣሉበት። ወደ ላይ ፈትለክ ብሎ ከወጣ ፓራፊን አለበት። ስቴሪን ክብደቱ ለሰም ስለሚቀርብ በዚህ ላይያዝ ይችላል። ሞራ ያለበትን ግን ወረቀት ላይ አሻሽታችሁ የቅባት ነጠብጣብ መተዉን፣ ሲያጨሱት መሽተቱን እዩ። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ደብዘዝ ያለና እህል እህል የሚል ነው። ፓራፊን ያለበት ያብለጨልጫል።

የአጎቴ ግዢ በብርጭቆው ውስጥ እንደ ቡሽ ነው የተፈናጠረው።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ የታተመ ሰም ገዝቶ አያውቅም። በክረምቱ ከባህላዊ ቀፎዎቹ የወጣውን አሮጌ እንጀራ ሁሉ ሰበሰበ። ከጎረቤቶቹም ሊጥሉት የነበረውን ሰፈፍ ለመነ። በጆንያ ጠቅልሎ፣ ድንጋይ ጭኖበት፣ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ውኃ ላይ ለብ ለብ አደረገው። እንዳይፈላ ስለሚጠነቀቅ ሌሊቱን ሲነሳ ሲቀመጥ አደረ። ሲበርድ ውኃው ላይ ቢጫ ክብ ሰም ረጋ። ለአሥሩም ፍሬም ሙሉ ሉህ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ጣት የሚያህል ጠባብ ቁራጭ እየቆረጠ ከየፍሬሙ አናት ላይ ብቻ ለጠፈ። የቀረውን ንቦቹ ራሳቸው እንዲሠሩት ተወላቸው። ማር እንደሚያስከፍለው ያውቃል።

ጥቅምት ላይ ስመለስ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ቀፎውን ቀስ ብሎ ከፈተልኝ። ንቦቹ ከፍሬሙ አናት እግር ለእግር ተያይዘው በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። ከመሃላቸው መዳፍ የሚያህል አዲስ እንጀራ ወርዷል፤ ገና ማር ያልነካው፣ ነጭ።